ግማሹ ፕላስቲክ፣ ግማሹ ካርቶን

ጋሽ ባያብል ማረፋቸውን የነገረችኝ ውዴ ናት። ከጉና ተራራ ሥር ካለው መንደሯ ደውላ «ሰማሽ ወይ?» አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ቤቴ ከቤታቸው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሞታቸውን ግን የሰማሁት ተራራ ሥር ከምትኖር ታካሚያቸው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዝይን ለእሷ ደውለው ለእኔ አልደወሉም። ለምን እንዳልደወሉ አውቃለሁ። እግሬ ያንን ደጅ መርገጥ ካቆመ ዓመት አልፎት ነበር።

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ ዕንባ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ሰዎች «ተይው፣ አንዴ ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር በይ» ይሉኛል። ነፍሳቸውንማ ይማር። የቀሩትን ግን ዝም ብዬ ልምር የሚል ሕግ የት እንደተጻፈ አላውቅም።

የሠራንበትን ቤት ስም አልጠራም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለ፣ በጎ አድራጊዎች ያቋቋሙት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ማዕከል ነው። እኔ ራጅ አንሺ ነኝ፤ እሳቸው የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁንም በስም አልጠራውም። ፊት ለፊት «አንቱ» እለዋለሁ፤ ያደግሁበት አገር እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው። ይቺን ታህል እንኳ ለራሴ ልፍቀድ።

ጋሽ ባያብል አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ መነጽራቸው ባንድ በኩል በቀጭን ሽቦ የታሰረ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከነጩ ገዋናቸው በላይ ጋቢ ይደርባሉ። ሥራ አስኪያጁ ይህ ለእንግዶች ዓይን ደስ እንደማይል ደጋግሞ ነግሯቸዋል። እሳቸው በማግሥቱም ደርበው ይመጣሉ። በሽተኛ ልብሱን አውልቆ ቀዝቃዛው ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም ግን ያንን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ይጥሉለታል፤ ራሳቸው ሥራው እስኪያልቅ እጃቸውን እያፋተጉ ይቆማሉ። ይህን ሥራ አስኪያጁ አይቶት አያውቅም፤ እኛ ክፍል ከእንግዳ ጋር ካልሆነ አይመጣምና።

ታካሚ ሲገባ ከማሽኑ በፊት በእጃቸው ይዳስሱታል። ጉልበቱን፣ ክርኑን፣ ዳሌውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ይጠይቃሉ፤ «ሲድንልህ ምን ልትሠራበት ነው?» መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ያስቀኝ ነበር። ገበሬው ግራ ይጋባና «ሞፈር ልጨብጥበት ነዋ» ይላል። ቄሱ «ቆሜ ልቀድስበት» ይላሉ። አንዷ እናት «ከሐሙሲት ገበያ እህል ተሸክሜ ልመለስበት» አለቻቸው። ሁሉንም በሰማያዊ ደብተር ላይ ከታካሚው ስም አጠገብ ይጽፉታል። አንድ ቀን ይህ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው በወፍራሙ መነጽር አዩኝና፣ «ሰብለ፣ አጥንት ለራሱ አይኖርም» አሉኝ። «ገበሬ ጉልበቱን የሚያጥፈው ለሥራ ነው፣ ቄስ ለስግደት ነው። ሐኪሙ እስከ የት መታጠፍ እንዳለበት ካላወቀ ቀጥ አድርጎ ይሸኘዋል፤ ‹ዳነ› ተብሎም ይጻፋል።»

ቁጡ ነበሩ። ይህን አልሸፍንላቸውም። የተምታታ ራጅ ካዩ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፈው መላው ክፍል ቆሞ እንዲያየው ያደርጉ ነበር። እኔንም ሁለት ጊዜ አስለቅሰውኛል። ቁጣቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፤ ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ታካሚ ያስቀረ ዕለት፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

እናታቸው ደራ ውስጥ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። የተሰበረ ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚመጣው፤ እሳቸውም በጣታቸው እየዳሰሱ አጥንት ከአጥንት ያገናኙ ነበር። ጋሽ ባያብል በልጅነታቸው መቃውን እየሰነጠቁ፣ ጨርቁን እየቀደዱ ያቀብሉ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ክንዷ ተሰብሮ መጣች። እናታቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩላት። ልጅቷ ስታለቅስ «ሲጠገን ያማል» አሏት። በአራተኛው ቀን ጣቶቿ ጠቆሩ። ክንዷ ከክርኗ በታች ተቆረጠ። እናታቸው ከዚያ በኋላ ሰው አልነኩም።

«እናቴ ክፉ አልነበረችም» አሉኝ ጋሽ ባያብል። «ከቆዳው ሥር ያለውን አላየችም፤ ያላየችውን ግን ያየች መሰላት። የሐኪሞቹም ጥፋት ይኸው ነው። ልዩነቱ እነሱ ጓንት ማጥለቃቸው ነው።»

የአጥንት ሞዴል መሥራት ያስጀመራቸው ይህ ይመስለኛል። ከበድ ያለ ስብራት ያለበት ታካሚ ባሕር ዳር ሄዶ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ምስሉን በሲዲ ይዞ ይመለሳል። ሲዲውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ፣ ልክ እንደ ክታብ። ሲቲ ስካን ሰውነትን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረሰ ነው የሚያሳይ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቁራሾች። ሐኪሙ አንዱን ካንዱ በራሱ ውስጥ ገጣጥሞ መሰንጠቁ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መገመት አለበት። ጋሽ ባያብል ግምት አይወዱም። ሐኪሙ ቢላ ከማንሣቱ በፊት ያንን አጥንት በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ፣ በአውራ ጣቱ ዳስሶ እንዲያውቀው ነበር የፈለጉት።

ማንም አላስተማራቸውም። ባረጀ ላፕቶፕ፣ ከስልካቸው ኢንተርኔት እየሳቡ፣ ምስሎቹን ወደ ቅርጽ የሚቀይር ነፃ ፕሮግራም አገኙ። ለሁለት ዓመት እየተሳደቡ ተማሩት። ፕሮግራሙ ነጣ ያለውን ሁሉ አጥንት ነው ብሎ ይሰበስባል። ረጅም አጥንት ከሆነ በዚህ ይጨረሳል። መገጣጠሚያ ላይ ግን ሁለት አጥንቶች በጣም ተቀራርበው ስለሚቀመጡ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ ዳሌና ጭን ተጣብቀው ድንጋይ የመሰለ ነገር ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁራሽ እየከፈቱ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለችውን ጠባብ ጥቁር መስመር በእጅ እየተከተሉ መለየት ያስፈልጋል። እኔንም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። «አጥንቱን አትፈልጊው፣ እሱን ማሽኑም ያገኘዋል» ይሉኝ ነበር። «አንቺ ክፍተቱን ፈልጊ። ክፍተት ከሌለ መገጣጠሚያ የለም።»

ቅርጹ ላፕቶፑ ላይ ተሠርቶ አለቀ እንበል። በእጅ እንዴት ይያዝ? ማተሚያ የለንም። ጋሽ ባያብል ግሉኮስ የሚመጣበትን ካርቶን ሰበሰቡ። የካርቶኑን ውፍረት ለክተው፣ ከቁራሾቹ መሃል በዚያው ልክ የሚራራቁትን መረጡ። ስክሪኑ ላይ ስስ ወረቀት እየለጠፉ በእርሳስ ቀዱ፤ ካርቶኑን በቀዶ ሕክምና ምላጭ ቆረጡ፤ አንዱን ባንዱ ላይ በኮላ ደረደሩ። መጀመሪያ የሠሩት ከጣራ ገዳም የመጡ፣ ቁልቁለት ላይ ወድቀው ጉልበታቸው የተፈረከሰ መነኩሴን ጉልበት ነበር። አስቀያሚ ነገር ነበር፤ የአይጥ ጎጆ ይመስላል።

ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ይርጋ ከባሕር ዳር በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ነበር የሚመጡ። ጋሽ ባያብል ካርቶኑን ጠረጴዛቸው ላይ ሲያስቀምጡላቸው ዶክተሩ ሣቁ። ከዚያ አነሡት። አገላበጡት። አውራ ጣታቸውን ከጉልበቱ ጀርባ ወዳለ ስርጉድ ቦታ ከተቱ። «ይህን በምስሉ ላይ አላየሁትም» አሉ። በፊት ለመክፈት ያሰቡት ከፊት በኩል ነበር፤ ያን ዕለት ከኋላ ከፈቱ። መነኩሴው ከወራት በኋላ በእግራቸው መጥተው ጋሽ ባያብልን ሊመርቁ ቆሙ። ጋሽ ባያብል ምርቃቱን በግንባራቸው ተቀበሉና ወዲያው፣ አባ እስከ ፋሲካ እንዳይሰግዱበት ብለው ተቆጧቸው።

የካርቶኑ ወሬ የማዕከሉ ረጂዎች ዘንድ ደረሰ። መጥተው አዩ፣ ፎቶ አነሡ፣ በዓመቱ ስሪዲ ፕሪንተር ላኩ፤ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ እንደ ክር እያወጣ፣ ከታች ወደ ላይ እየደራረበ የተሰጠውን ቅርጽ የሚሠራ ማሽን። ሣጥኑ ሲከፈት ጋሽ ባያብል እንደ ሕፃን ነበር የሆኑት። ማሽኑ ግን የእኛን ክፍል ደጃፍ አልረገጠም። ሥራ አስኪያጁ ውድ ንብረት ነው፣ አቧራ ያበላሸዋል ብሎ ምንጣፍ ወደተነጠፈበት የስብሰባ አዳራሽ አስገባውና ቁልፉን በኪሱ ያዘ። የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። እንግዳው ተሰልፎ ያያል፣ ማሽኑ እየተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ያትማል፣ እንግዳው ያጨበጭባል። የሚያትመው ምን መሰላችሁ? የማዕከሉን ዓርማ። የተሰበረ አጥንት የደገፉ ሁለት እጆች። ለስጦታ።

ጋሽ ባያብል ስንት ጊዜ እንዳመለከቱ አልቆጠርኩም። መልሱ ሁልጊዜ በጽሑፍ ነበር የሚመጣ፣ ሁልጊዜም «ወደፊት» የሚል ቃል ነበረበት። እሳቸው ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ።

ውዴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ስትወለውል ወድቃ ነው። አሠሪዎቿ ትንሽ ቀን አስተኝተው በተሽከርካሪ ወንበር አውሮፕላን ላይ ጫኗት። የዳሌዋ ጎድጓዳ፣ የጭኗ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ተሰንጥቆ እንደተዛባ ጠግጎ ነበር። አንዱ እግሯ አጥሯል። ከመንደሯ እስከ መኪናው መንገድ ወንድሞቿ በቅሎ ላይ አንሥተው አስቀምጠው፣ ደግፈው ነበር ያመጧት። ጋሽ ባያብል ዳሰሷትና ያንን ጥያቄያቸውን ጠየቋት። ውዴ ጥቂት አሰበችና፣ «በራሴ በቅሎ ልወጣበት» አለች። «እንደ ጆንያ ሲያነሡኝ ሰልችቶኛል።» ደብተራቸው ላይ ቃል በቃል ጻፉት።

ዶክተር ይርጋ ሲዲውን አይተው ለእኛ በግልጽ ነገሩን። ተዛብቶ የጠገገውን ቆርጠው እንደገና መግጠም፣ ከዚያ በብረት ማሰር አለባቸው። ብረቱ የዳሌዋን ቅርጽ ተከትሎ መታጠፍ አለበት። «ከፍቻት ብረት እያጣመምኩ ልክ እስካገኝ ደሟ አይጠብቀኝም» አሉ። «በልኳ የተሠራ ነገር ላይ ቀድሜ ካላጠፍኩት አልነካትም። ካርቶኑም ለዚህ ብቻውን አይበቃም፤ ብረት ሲጫነው ይላላል።»

ጋሽ ባያብል ሦስት ሳምንት ላፕቶፑ ላይ ተደፉ። የጭኑ ራስ የተሰነጠቀው ጎድጓዳ ውስጥ ተለጥፎ ነበር፤ መስመሯ አንዳንድ ቁራሽ ላይ ጭራሽ አትታይም። ደክሟቸው ሲነሡ እኔ እቀመጣለሁ፣ ተመልሰው የሠራሁትን ግማሹን ያጠፉታል። ሲያልቅ የውዴ ዳሌ ስክሪኑ ላይ ብቻውን ዞረ፤ ስንጥቁም፣ እንደ ጥፍር የተነሣው ስባሪም ቁልጭ ብሎ ታየ። የቀረው ማተም ነው።

ማመልከቻ አስገቡ። የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የታካሚዋ ስም፣ የዶክተሩ ደብዳቤ፣ ሁሉም አለበት። መልሱ በማግሥቱ መጣ። ረቡዕ ከፍተኛ እንግዶች ስለሚመጡ ማሽኑ የስጦታ ዓርማ በማዘጋጀት ላይ ነው፤ ጥያቄው ወደፊት ይታያል። ጋሽ ባያብል ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እኔን፣ «መፍቻ አለሽ?» አሉኝ። ነበረኝ። ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን ሊቀበል ባሕር ዳር ወረደ። ጋሽ ባያብል በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ የአዳራሹን በር ማጠፊያ ፈትተው መዝጊያውን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። በጅምር ያለውን ዓርማ ከማሽኑ ላይ አንሥተው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ የውዴን ዳሌ አስጀመሩት። እስከ ረቡዕ ከሰዓት ይፈጃል። እኛ ከተማ መብራት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ባትሪ ከጎኑ አዘጋጅተው ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና አልተነሡም። እትዬ ዝይን ምግብ አመጡላቸው። ተኙም አልተኙም አላውቅም። ረቡዕ ጠዋት ስገባ ያው ወንበር ላይ ናቸው፤ ማሽኑ እየተመላለሰ ነው፤ የተሰነጠቀው ጎድጓዳ ግርጌ ብቅ ብሏል።

መብራቱ አልሄደም። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ መብራቱ አልሄደም፣ ባትሪውም አላለቀም። ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶቹ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጣ፣ የተፈታውን በር አየ፣ ገባ፣ ሶኬቱን ከባትሪው ላይ ነቀለው። እንዲህ ያለው ማሽን ቆሞ ሲበርድ ካቆመበት አይቀጥልም። ጋሽ ባያብል፣ «የሰው ዳሌ ነው» አሉት። ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም። እሱ፣ «ንብረት ነው» አላቸው።

ብዙ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጽዳቶች፣ ነርሶች፣ እኔ። ማናችንም አልተናገርንም። ጋሽ ባያብል ገና ለብ ያለውን ግማሽ ዳሌ ከማሽኑ ላይ አላቀቁት፣ በጋቢያቸው ጠቀለሉት፣ በመሃላችን አልፈው ሄዱ። እኔ እንግዶቹ ሲመጡ ከሠራተኛው ጋር ተሰልፌ አጨበጨብኩ። አዎ፣ አጨበጨብኩ።

ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተው የላይኛውን ግማሽ እየቆረጡ ነበር። እኔም እትዬ ዝይንም ምላጭ ተሰጠን። ዶክተሩ ካርቶን ይላላል ስላሉ እያንዳንዱን ቁራጭ ኮላ አጠጥተው፣ ምድጃ ዳር እያደረቁ፣ ከፕላስቲኩ ጋር በመርፌና በሲባጎ ሰፉት። የሚያስፈልገው የዳሌው ታችኛው ክፍል በፕላስቲክ መውጣቱ እድል ነበር፤ ብረቱ በብዛት የሚጫነው እዚያ ላይ ነው። ሐሙስ ጠዋት ለዶክተር ይርጋ አስረከቡ። ዶክተሩ ያንን ግማሹ ነጭ ግማሹ ቡናማ የሆነ፣ በሲባጎ የተሰፋ ነገር ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ብረቱን አንሥተው እላዩ ላይ ያጥፉ ጀመር። ለጋሽ ባያብል የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይቺ ልጅ ብትድን የኔ ሥራ ብቻ አይደለም።»

ዳነች። በወራት ውስጥ በምርኩዝ፣ ከዚያ ያለ ምርኩዝ ሄደች። ትንሽ ታነክሳለች። በቅሎ ላይ በራሷ መውጣቷን የሰማነው በስልክ ነው፤ ጋሽ ባያብል ደብተራቸውን አውጥተው ከስሟ አጠገብ አንድ ምልክት አደረጉ።

ይህን ጊዜ ግን ካርድ ክፍል ነበሩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ የተሰበሰበው ገና የውዴ ስፌት ሳይፈታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ጠራኝ። አላስፈራራኝም። ኮንትራቴ የሚታደስበት ወር መሆኑን አስታወሰኝና ያየሁትን ብቻ እንድናገር፣ አስተያየት እንዳልጨምር መከረኝ። ኮሚቴው ፊት ያየሁትን ተናገርኩ። ያለ ፈቃድ በሩን ፈትተው ገቡ፤ በሥራ ላይ የነበረውን ዓርማ አንሥተው ጣሉ። መፍቻው የማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ውዴን አላነሣሁም፣ ማመልከቻውን አላነሣሁም፣ ሶኬቱን ማን እንደነቀለ አላነሣሁም። ፈረምኩ። ኮንትራቴ ታደሰ።

ጋሽ ባያብልን ከኃላፊነት አንሥተው ካርድ ክፍል ጣሏቸው። አጥንትን እንደዚያ የሚያውቅ ሰው መደርደሪያ መሃል የወረቀት ማኅደር ሲፈልግ ይውል ጀመር። ዶክተር ይርጋ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሲያጡ መምጣት አቆሙ። ማሽኑ ዛሬም አዳራሹ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ አለ። ያ የተሰፋ ዳሌስ? ሥራ አስኪያጁ ከቀዶ ክፍል አስመጥቶ መስታወት ሣጥን ውስጥ አስገባው። ከሥሩ «በማዕከላችን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለበት። የሠሩት ሰው ስም የለበትም።

አንድ ቀን የታካሚ ካርድ ፈልጌ ገባሁ። ብቻቸውን ነበሩ። ልሸሽ ስል «ሰብለ» ብለው ጠሩኝ። እንደ ድሮው የሚቆጡኝ መሰለኝ፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ካርዱን አቀበሉኝና ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «የፈረምሽው እውነት ነው። ግን አልጨረስሽውም።» ከዚያ ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤታቸው መሄድ አልቻልኩም። ጉበታቸው መታመሙን፣ ጡረታ መውጣታቸውን፣ ቤታቸው ሆነው ዶክተር ይርጋ ከባሕር ዳር ለሚልኩላቸው ምስል እስከ መጨረሻው ካርቶን ይቆርጡ እንደነበር የሰማሁት ሁሉ ከሰው ነው።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው እሱ ነው። ጥቁር ከረባት አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በማዕከሉ ሙሉ ድጋፍ» የሚል ሐረግ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። «ለሥራ ባልደረቦቻቸው አርአያ» አለ። እትዬ ዝይን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር፤ አለቀሱ አላለቀሱ ማወቅ አልቻልኩም። ውዴ ከሴቶቹ መሃል ቆማ፣ ክብደቷን በዚያ በተጠገነ እግሯ ላይ አሳርፋ፣ እኔን ታየኝ ነበር። ልቅሶ ቤትም ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ እትዬ ዝይን እንደማንኛውም ሰው «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ የሚያምም ነገር ሊሉኝ አይችሉም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከመፍቻው ጀመርኩ፤ የእኔ ነው፣ ለምን እንደሚፈልጉት እያወቅሁ ሰጠኋቸው። ማመልከቻው፣ መልሱ፣ ውዴ፣ ዶክተሩ የተናገሩት፣ ሶኬቱን የነቀለው እጅ፣ በሩ ላይ ቆመን የነበርነው ሰዎች፣ ጭብጨባዬ። ፈርሜ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ወይዘሮ አበቡ አነበቡት፤ አንብበው ሲጨርሱ ወደ ሥራ አስኪያጁ በር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህ ጉዳይ የተዘጋ ነው፣ ባለጉዳዩም አርፈዋል፣ የሞተ ሰው ማኅደር ላይ አዲስ ቃል አይገባም አሉኝ። እንጀራሽን አታበላሺ ብለውም መከሩኝ፤ በክፋት አልነበረም።

«ማኅደሩ የእሳቸው ነው» አልኳቸው። «ቃሉ ግን የእኔ ነው። እኔ አልሞትኩም።»

ወይዘሮ አበቡ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው የገቢ ደብዳቤ ማኅተሙን አወጡ።